የከተማ መሬት ለቤት አልሚ ሲተላለፍ፦ ከዋጋው ይልቅ ውሉ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የከተማ አስተዳደሮች የሕዝብ የሆነውን መሬት ለቤት አልሚዎች የሚያስተላልፉበትን መንገድ እንመለከታለን። ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ በዜና የሚሰማው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር በስንት ብር ወጣ ይባላል። በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ የቀረበበት ጨረታ በወቅቱ የከተማው ሁሉ መነጋገሪያ ነበር። ዋጋው ሲሰቀል ከተማዋ ተጠቀመች፣ ዝቅ ሲል የሕዝብ ሀብት ተመዘበረ ብሎ መደምደምም ተለምዷል። እኔ ግን ሌላ ነገር ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። መሬት ለቤት ግንባታ ሲተላለፍ ሕዝብ የሚጠቀመው ወይም የሚጎዳው በውሉ ውስጥ በተጻፈው ግዴታና ግዴታው በሚፈጸምበት መንገድ ነው። ገንዘቡ በአንድ የበጀት ዓመት ገብቶ ይወጣል። ውሉ ግን፣ ለመኖሪያ ቤት ሲሆን፣ እስከ 99 ዓመት ይዘልቃል፤ የዛሬ ፈራሚዎች ሁሉ ካለፉ በኋላም ከተማዋ በእሱ ትተዳደራለች።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለቤት መሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ብቻ እንዲያገኝ ተወሰነ። ደርግ ከወደቀ በኋላም መሬቱ ወደ ግል ባለቤትነት አልተመለሰም። በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ወጣ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። እንግዲህ በእኛ አገር ከተማው ለአልሚው የሚያስተላልፈው ቦታውን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው። መሬት በሚሸጥባቸው አገሮች ማዘጋጃ ቤቱ አንዴ ከሸጠ በኋላ በቦታው ላይ የሚኖረው ሥልጣን በአብዛኛው ከፕላንና ከግብር አያልፍም። የእኛ ከተማ ግን ባለቤትነቱንም ተዋዋይነቱንም ይዞ ይቀጥላል። ይህ ብዙ ያልተሠራበት ትልቅ አቅም ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ይህን አቅም በተጨባጭ ድንጋጌ ሊያስቀምጠው ሞክሯል። ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜ በውሉ እንዲጻፍ፣ በጊዜው ያልገነባም ቦታው እንዲወሰድበት አዘዘ። ግንባታውን ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያደርስ መብቱን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው ደግሞ የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ገንዘብ ከነወለዱ፣ የሠራውን ሥራ ዋጋና ከማስተላለፊያ የሊዝ ዋጋው 5 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ለከተማው ይሆናል። መሬት አጥሮ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ብዙ እንዳያተርፍ ታስቦ የተጻፈ ድንጋጌ ነው።

ይኸው አዋጅ መሬት ከከተማው እጅ የሚወጣባቸውን ሁለት መንገዶች ለይቷል። አንደኛው ጨረታ ነው፤ ተጫራቾች ከሊዝ መነሻ ዋጋው በላይ በሚያቀርቡት ዋጋና በሚከፍሉት ቅድመ ክፍያ ይወዳደራሉ። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላ የሊዝ ዋጋው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም። ሁለተኛው ምደባ ነው፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት፣ ለመንግሥት የቤት ፕሮግራሞች፣ ለአምልኮ ቦታዎች፣ እንዲሁም ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው ለተባሉ ፕሮጀክቶች ያለ ጨረታ ቦታ ይሰጣል። የግል ቤት አልሚ በመደበኛው አሠራር የሚገባው በጨረታው ነው። አንዳንድ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ግን በቀጥታ ስምምነት መሬት አግኝተዋል።

ከጨረታው እንጀምር። ሐሳቡ ቀላልና የሚያሳምን ነው፤ ሁሉም በእኩል ይቀርባል፣ ፖስታው በአደባባይ ይከፈታል፣ ብዙ የሰጠ ይወስዳል። ነገር ግን መወዳደሪያው ገንዘብ ብቻ ሲሆን የሚያሸንፈው በቦታው ላይ ከሁሉም ውድ የሆነውን ነገር ሊሠራ ያሰበ አልሚ ነው። በግምት ቁጥር እናስላው። አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 40 ሺህ ብር ቢወጣ ጠቅላላ የሊዝ ዋጋው 40 ሚሊዮን ብር ይሆናል። አልሚው በዚያ ላይ 20 ሰፋፊ አፓርታማዎች ቢሠራ በእያንዳንዱ ላይ 2 ሚሊዮን ብር የመሬት ዋጋ ያርፋል፤ 40 አነስተኛ ቤቶች ቢሠራ ደግሞ 1 ሚሊዮን ብር። ሰፊውን አፓርታማ ለመግዛት የመጣ ሰው 2 ሚሊዮኑን ከጠቅላላው ዋጋ ጋር ደምሮ ይከፍለዋል። አነስተኛውን ቤት የሚፈልጉት መምህርና ነርስ ግን፣ የብሎኬቱና የብረቱ ወጪ ገና ሳይታሰብ፣ በ1 ሚሊዮኑ ብቻ ከገበያው ይወጣሉ። ስለዚህ ለእነሱ ሊሠራ ያሰበው አልሚ በካሬ 40 ሺህ ብር ሊሰጥ አይችልም፤ ፖስታው ሳይከፈት ተሸንፏል። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም ቤት ሲመዘገብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደቀረበ እናስታውስ። ከተማዋ የሚያስፈልጋት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ከዚያ ምዝገባ የበለጠ የሚናገር መረጃ አልነበረም። በከፍተኛ ዋጋ ብቻ የሚወሰን ጨረታ ግን ይህን መረጃ የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ የተማረ አድማጭ ብርቱ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል፣ ተቃውሞውም የሚናቅ አይደለም። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ ከ200 ዓመት በፊት እንዳስረዳው እህል የሚወደደው የመሬት ኪራይ ስለሚከፈልበት አይደለም፤ ይልቁንም ለመሬቱ ከፍ ያለ ኪራይ የሚከፈለው እህሉ ስለተወደደ ነው። ቤትም እንዲሁ ነው ይላል ተቃዋሚው። አልሚው ለመሬቱ የሚሰጠውን ዋጋ የሚቆርጠው ቤቱን በስንት እንደሚሸጥ አስልቶ ነው። መሬቱን በነፃ ብንሰጠውም ቤቱን በገበያው ዋጋ ይሸጣል፣ ልዩነቱም ወደ ኪሱ ይገባል። ታዲያ ልዩነቱን ከተማው በጨረታ ቢወስደው አይሻልም ወይ? ይህ ክርክር ግማሹ ትክክል ነው። መሬትን ያለ ምንም ግዴታ በርካሽ መስጠት ለቤት ገዢው ቅናሽ አያመጣም፤ የሚያመጣው ለአልሚው ትርፍ ነው። ርካሽ መሬት ወደ ርካሽ ቤት የሚለወጠው የቤቱ መሸጫ ወይም ኪራይ በውሉ ሲታሰር ብቻ ነው። የመሬት ዋጋ ይቀነስ የሚሉ ወገኖች ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ሲዘነጉ ለአልሚው ጠበቃ ሆነው ይገኛሉ፤ ቢያውቁትም ባያውቁትም።

የክርክሩ ደካማ ጎን ግን ብዙ ሻጭ ያለበትን ገበያ ማሰቡ ነው። በእኛ ከተሞች አዲስ መሬት የሚያቀርበው አንድ አካል ነው። እሱ ጥቂት ቦታ ብቻ ለጨረታ ባወጣ ቁጥር ዋጋው ይሰቀላል፤ የተሰቀለው ዋጋም በአጎራባች ነባር ይዞታዎች ላይ የሚጠየቀውን ይጎትታል። ይባስ ብሎ፣ ከመሬት በሚገኘው ገቢ በጀቱን መሙላት የለመደ አስተዳደር ዋጋው እንዳይወርድ የሚፈልግ ወገን ይሆናል። ለዚህ ከሆንግ ኮንግ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። እዚያም ከአንድ ካቴድራል ቦታ በቀር መሬቱ ሁሉ የመንግሥት ነው፤ ለአልሚዎች የሚተላለፈውም በሊዝ ነው። የመሬት ገቢ ለብዙ ዘመን ከመንግሥቱ ካዝና ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ሆኖ ኖሯል፤ ከተማይቱም በዓለም ቤት እጅግ ከሚወደድባቸው አንዷ ናት። በሲንጋፖርም አብዛኛው መሬት የመንግሥት ነው፤ ለቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመንም እንደ እኛው 99 ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ከአሥር ነዋሪዎች ስምንት ያህሉ የሚኖሩት የመንግሥት የቤቶች ልማት ቦርድ በሠራቸው ቤቶች ውስጥ ነው። በሁለቱም ከተሞች ባለ መሬቱ መንግሥት ነው፣ በሁለቱም ቦታው ጠባብ ነው። የለያያቸው መሬቱ ለምን ዓላማና በምን ግዴታ እንደተሰጠ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ሙስናን የሚመለከት ነው፤ ለእኔም ከሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። ጨረታ ጉድለት ቢኖረውም በዓይን ይታያል፣ ከዋጋ ሌላ መመዘኛ ካስገባችሁ ግን ለባለሥልጣን የሚደራደርበት ቀዳዳ ትከፍታላችሁ ይላል። ሥጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። የዓለም ባንክ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2012 ስለ ኢትዮጵያ ባሳተመው የሙስና ጥናት የመሬት ዘርፍ በእጅጉ ለሙስና ከተጋለጡት መካከል ተቆጥሯል። መሬት በድብቅ ድርድር ሲሰጥ ምን ያህል እንደሚያስጠረጥር ማንም የከተማ ነዋሪ ያውቀዋል። ይህን ለመመርመር የለገሃርን ፕሮጀክት እንውሰድ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. መቀመጫውን አቡ ዳቢ ያደረገው ኢግል ሂልስ የተባለ አልሚ በአዲስ አበባ የድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ በ36 ሄክታር ላይ ለሚሠራው መንደር የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ወደ 4 ሺህ የሚደርሱ መኖሪያዎች፣ ሆቴሎችና የንግድ ቦታዎች እንደሚኖሩት፣ ወጪውም በጊዜው ግምት 50 ቢሊዮን ብር እንደሚሆን ተነገረ። በአካባቢው የሚኖሩ አባወራዎች ሩቅ ሳይወሰዱ እዚያው እንደሚሰፍሩ፣ ከተማ አስተዳደሩም በመሬቱ ምትክ የፕሮጀክቱ ባለ ድርሻ እንደሚሆን ተገለጸ።

በመሬት ምትክ ድርሻ መያዝ በመርሕ ደረጃ ከአንድ ጊዜ ክፍያ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ቦታው እየተወደደ ሲሄድ ሕዝብም አብሮ ይጠቀማልና። ነገር ግን ድርሻ ዋጋ የሚኖረው በዝርዝሩ ነው። መሬቱ ወደ ሽርክናው ሲገባ በስንት ተገመተ፣ ግምቱንስ ማን ሠራው? ድርሻው የሚሰላው ከሽያጩ ነው ወይስ ወጪ ሁሉ ተቀንሶ ከተረፈው? የአልሚው እህት ኩባንያ ለዲዛይን፣ ለአማካሪነት፣ ለንግድ ስም የሚያስከፍለው ክፍያ በወጪ ተይዞ ትርፉን ቢያመነምነው ከተማው ምን መከላከያ አለው? ነባሮቹ ነዋሪዎች በሚሰፍሩበት ቤት ላይ የሚኖራቸው መብት የባለቤትነት ነው ወይስ የኪራይ? የመሠረት ድንጋይ ሲጣል የሚነገሩት ሄክታሩና ቢሊዮኑ ናቸው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ የሚገኘው ውሉን ሲያነቡት ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ውል ከመፈረሙ በፊት ለምክር ቤትና ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። የንግድ ምሥጢር ነው የሚለው ምክንያት እዚህ አይሠራም። አንደኛው ተዋዋይ ሕዝብ ራሱ ነው፤ ራሱ የተዋዋለውን ውል ሊነፈግ አይገባም።

ታዲያ በዋጋ ብቻ በሚወሰን ጨረታና በዝግ ስብሰባ በሚደረግ ድርድር መካከል ሌላ መንገድ የለም? አለ፣ የሠላሳ ዓመት ያህል ልምድም አለው። የኦስትሪያዋ ቪየና ከተማ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1984 መሬት አስቀድሞ እየገዛ የሚያቆይ የቤት ፈንድ አቋቋመች። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ሰፋ ያሉ ቦታዎችን በአልሚዎች ውድድር መስጠት ጀመረች። በዚህ ውድድር የመሬቱ ዋጋ አስቀድሞ ይታወቃል። ተወዳዳሪዎቹ የሚፋለሙት በቤቶቹ ንድፍ፣ ለነዋሪው በሚያስከፍሉት ወጪና በአካባቢ ጥበቃ ነው፤ በ2009 ደግሞ ማኅበራዊ አኗኗር አራተኛ መመዘኛ ሆኖ ተጨመረ። ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። ያሸነፈው መሬቱንና የከተማውን ብድር ያገኛል፣ በምትኩም የቤቱ ኪራይ በገደብ ይታሰራል። በዚህ አሠራር ለመምህሩ ሊሠራ ያሰበው አልሚ የሚያሸንፍበት ዕድል አለው፤ መመዘኛውና ነጥቡም በግልጽ የተቀመጠ ስለሆነ ለድብቅ ድርድር ያለው ቀዳዳ ጠባብ ነው። ቪየና ሀብታም ናት፣ የድጎማ አቅሟን ልንኮርጅ አንችልም። የውድድሩን አሠራር ለመውሰድ ግን ሀብት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የመሬት ዋጋን ቆርጦ በሌላው ነገር ማወዳደር ነው። እንግሊዝም፣ በዚያው አቆጣጠር፣ የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕጓ ምክር ቤቶች መሬት ሲያስተላልፉ ሊገኝ ከሚችለው ከተሻለው ዋጋ በታች እንዳይሰጡ ከደነገገ በኋላ፣ በ2003 ማኅበራዊ ጥቅም የሚያስገኝ ሲሆን ልዩነቱ 2 ሚሊዮን ፓውንድ እስካልበለጠ ድረስ የሚኒስትር ልዩ ፈቃድ ሳይጠየቅ እንዲሰጡ ፈቅዳለች። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፤ በቅናሽ የተሰጠው ገንዘብ መጠን ተሰልቶ ይታወቃል፣ በምትኩ የተገኘው ጥቅምም ይነገራል።

ስለ ቦታው ነባር ነዋሪዎችም መናገር ይገባል፤ በመሐል ከተማ ለአልሚ የሚሰጥ መሬት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ አይደለምና። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አቅም ያላቸው ባለይዞታዎች ቦታቸውን በከተማው ፕላን መሠረት ራሳቸው እንዲያለሙ ቅድሚያ ሰጥቷል። ይህ መልካም ነው። ይሁንና ካሳው በዋነኛነት የሚሰላው በመሬቱ ላይ ካለው ንብረት ነው፤ አሮጌው የጭቃ ቤት ተገምቶ ይከፈላል፣ የቦታው ተፈላጊነት ዋጋ ግን በሊዙ በኩል ለከተማው ይገባል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ያገኝ ይሆናል እንጂ ገበያውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ዕድሩንና የለመደውን ሥራ ይዞ አይሄድም። መሬቱ የሕዝብ ነው ከተባለ ያ ነዋሪም የሕዝቡ አካል ነው፤ በመሬቱ ላይ ከሚገኘው ጥቅም ለእሱ የሚደርሰው ድርሻ በውሉ ውስጥ በቤት ቁጥርና በጊዜ ተለክቶ መጻፍ አለበት። በንግግር የተሰጠ ተስፋ በፍርድ ቤት አይጠየቅም።

የከተማ ገንዘብ ያዦች፣ ግዴታ ስናበዛ የሊዙ ዋጋ ይወርዳል፣ ታዲያ መንገዱና የውኃ መስመሩ በምን ይሠራ ይሉ ይሆናል። ዋጋው መውረዱ እውነት ነው፤ ሊወርድም ይገባል። ከመቶው ቤት 30ው ለዝቅተኛ ገቢ እንዲሸጥ የተገደደ አልሚ ለመሬቱ ያነሰ ይሰጣል። ነገር ግን ያ የጎደለው ገንዘብ የት ሄደ ብለን ብንጠይቅ 30 ቤቶች ሆኖ እናገኘዋለን። ከተማው ገንዘቡን ተቀብሎ እነዚያን ቤቶች በራሱ ቢሠራ ደግሞ መሬቱ በአብዛኛው ከመሐል የራቀ ዳር ይሆናል፤ መንገድና ውኃ ማድረሱም አዲስ ወጪ ነው። በኮንዶሚኒየም ሳይቶች ቤቱ አልቆ ዕጣ ከወጣ በኋላ ውኃና መብራት የሚጠበቅበት ጊዜ ምን ያህል እንደነበር ዕጣ የደረሳቸው ሁሉ ያውቁታል።

በመጨረሻ የአፈጻጸም ጥያቄ ይነሣል። ሕጎቻችን በጊዜ ያልገነባ ይቀማል ይላሉ፤ ታጥረው ለዓመታት የቆዩ ቦታዎች ግን በከተሞቻችን ሞልተዋል። ስለዚህ ውሉ መቀማትን በመጨረሻ አማራጭነት ይዞ፣ ከዚያ በፊት በራሱ የሚሠራ ማስገደጃ ሊኖረው ይገባል። አንዱ ካርታውን በምዕራፍ መስጠት ነው፤ ለመጀመሪያው ብሎክ የሚሆነው ቦታ ብቻ ይሰጣል፣ ያ ተሠርቶ ነዋሪ ሲገባበት ቀጣዩ ይለቀቃል። ሌላው የቤት ገዢዎችን ቅድመ ክፍያ ይመለከታል። በአገር ውስጥ ያሉ ደመወዝተኞችም ሆኑ በአሜሪካና በዐረብ አገሮች ደክመው ያጠራቀሙ ወገኖቻችን በወረቀት ላይ ላለ አፓርታማ ሚሊዮኖች ከፍለው ለዓመታት የጠበቁበት ጊዜ ብዙ ነው። ከተማው መሬቱን ሲሰጥ ይህ ገንዘብ በዝግ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ፣ ግንባታው በገለልተኛ መሐንዲስ እየታየ በደረሰበት ደረጃ ልክ ብቻ እንዲለቀቅ በውሉ ሊያስገድድ ይችላል። አልሚዎች ይህን ይቃወማሉ፤ ብዙዎቹ ግንባታውን የሚጀምሩት በገዢው ገንዘብ ነውና። በራሱ ካፒታል ወይም በባንክ ብድር መሠረቱን እንኳ ማውጣት የማይችል አልሚ ግን በገዢው ስጋት ብዙ ሄክታር ሊይዝ አይገባውም። ሁለቱ ግዴታዎች በውሉ ካሉ 20 ሄክታር ሊጠይቅ ያሰበው 2 ይጠይቃል፤ የቀረው 18 ሄክታርም ውል ሳይታሰርበት በከተማው እጅ ይቆያል።